«አደገኛ» ብዬ ጻፍሁ፣ የአዳምን ራስ ሣልሁ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ አዲስ ጫማ ተጫምቶ መጣና እግሩን ወደ ፊቴ ዘርግቶ፣ «አባባ፣ እየው፤ አደገኛ አይደል?» አለኝ። ጫማው ሸጋ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ጫማ አደገኛ አይባልም!» ብዬ ስጮህበት ልጁ ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ። እናቱም ከጓዳ ብቅ ብላ «ደሞ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ምንም አልሆንሁም አልሁ። በዚህ ዘመን ጎል ያገባ ተጫዋች አደገኛ ነው፣ ቆንጆ ሴት አደገኛ ናት፣ ቁርጡ የጣመው ሰው ሥጋውን ሳይቀር አደገኛ ይለዋል። ቋንቋ የሕዝብ ነው፤ ሕዝብ እንደ ልቡ ያድርገው። እኔ ግን ያን ቃል በገዛ እጄ፣ በቀይ ቀለም፣ አሥራ ሁለት ጊዜ የጻፍሁ ሰው ነኝ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሰው ነፍስ በልቷል። ለልጁ መንገር ስላልቻልሁ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጊዜው ጣሊያን ጎንደርን ለቆ በወጣ በሁለት በሦስት ዓመቱ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ከሚኖር ሠዓሊ አጎቴ ዘንድ አድጌ፣ ቅኔ ጀምሬ ትቼ፣ ሥዕል ተምሬ፣ በሁለቱም ከእኔ በላይ ሰው ያለ የማይመስለኝ ጎረምሳ ነበርሁ። አጎቴ በሰሜን ተራራ ለተራራ እየዞረ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥሏል። «እጅህ ከእጄ ይበልጣል፤ አፍህ ግን ከእጅህም ይበልጣል» ይለኝ ነበር። ስድብ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ ለሚያድሱት ሰዎች ጸሐፊ ይፈለጋል ሲባል ሄድሁና ተቀጠርሁ። ማደሪያዬ ጓሳ ሜዳ በምትባል መንደር፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሆነ። እትዬ ጥሩወርቅ ሃምሳውን ያለፉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው አያ ደርሶ አርበኛ ነበር። ከመንደሩ በላይ ባለው ሜዳ ላይ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ ሲወጉ እዚያው ወድቆ ቀረ። ጓደኞቹ ሬሳውን ማንሣት አልሆነላቸውም። ሜዳውም ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በሽቦ ታጥሮ ኖረ፤ ከዚያም ጓሳ የሚሉት ረጅም ሣር በቀለበትና አያ ደርሶ የወደቀበት ቦታ ጠፋ።

እትዬ ጥሩወርቅ ማታ እግሬን እያጠቡ የሚያነሡት ወሬ አንድ ነበር።

«ልጀ፣ አንተ የተማርህ ነህ። ፍትሐት ያልተደረገለት ነፍስ ወዴት ነው የሚቆየው?»

እኔ ከየት አውቄ! ግን አላውቅም ማለት ነውር ይመስለኝ ስለ ነበር በግእዝ አንዳንድ ቃል ጣል እያደረግሁ እመልስላቸው ነበር። እሳቸውም «ተባረክ» እያሉ እግሬን ይስሙ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ከመንገድ ሥራው በቅሎዎች አንዷ ያን ሜዳ ስታቋርጥ ፈንጂ ረግጣ ብትንትኗ ወጣ። የመንደሩ ሰው ጩኸቱን ሰምቷል፤ ነገር ግን እኛ በየቀኑ ድንጋይ በባሩድ ስለምንሰብር ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። በማግሥቱ አለቃችን፣ ሠራተኛው ሁሉ ካቦ የሚለው ሰው፣ አንድ የዛገ የላሜራ ቁራጭ ይዞ መጣ። ጣሊያን ትቶት የሄደ ምልክት ነው፤ የሰው ራስ ቅልና የተመሳቀሉ ሁለት አጥንቶች አሉበት።

«ይህን በእኛ ቋንቋ አድርገህ አሥራ ሁለት ሰሌዳ ሥራ። 'አደገኛ፤ ፈንጂ አለ' ብለህ ጻፍ። ከሆሣዕና በፊት መተከል አለበት» አለኝ።

ላሜራውን አየሁና ሣቅሁ። የደረቀ ዱባ ይመስላል። አሁን ይህን ማን ይፈራዋል አልሁ። እኔ የራስ ቅል መሣል ከአጎቴ ተምሬአለሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ የስቅለት ሥዕል ላይ፣ ከመስቀሉ ግርጌ፣ የአዳም ራስ አለ፤ አጥንቱ ከሥሩ ተመሳቅሎ፣ የጌታ ደም ከላይ ይነጠብበታል። እኔም ነጩን በብጫ አፈር እያደበዘዝሁ፣ የዓይኑን ጉድጓድ እያጠለቅሁ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ የአዳምን ራስ ሣልሁ። ከላይ አንዲት የደም ጠብታ ጨመርሁበት። ያን ጠብታ ማንም አላዘዘኝም። ላሜራው ላይም የለችም። ስለምታምር ብቻ ጨመርኋት።

ሥራውን የምሠራው በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ነበር። ሰሌዳዎቹን እንዲደርቁ ከግድግዳቸው ላይ ደርድሬ ሳለሁ ውሃ ቀድተው ተመለሱ። እንስራቸውን ሳያወርዱ ቆመው አዩ።

«ይህ የኛ ማርያም ግድግዳ ላይ ያለው አይደል?» አሉኝ።

«ነው። ያን የሣለው አጎቴ ነው።»

«ወይ ግሩም! ታዲያ ለምንድን ነው?»

ብሩሼ ላይ ቀለሙ እየደረቀብኝ ነበር። «የመንግሥት ሥራ ነው እትዬ፤ ኋላ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። አልነገርኋቸውም።

ሰሌዳው የሚተከል ዕለት፣ ማለትም ዓርብ፣ የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ተገኘ መጣ። አያ ተገኘ ፊደል የማያውቅ፣ በአንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ነገር ግን ሰው የሚያውቅ ሽማግሌ ነበር። ሰሌዳውን ዞሮ ዞሮ አየና፦

«ምን ይላል?» አለኝ።

«አደገኛ ይላል።»

«አደገኛ ማለት?»

እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ አደጋ ማለት ድንገት የሚጥል ጥፋት እንደ ሆነ፣ አደገኛ ማለትም ያን ጥፋት በውስጡ የያዘ እንደ ሆነ፣ ልክ ጉባኤ ላይ እንዳለሁ ሁሉ አስረዳሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እኛ እንዲህ ያለውን መሬት ሰው በላ ነው የምንለው» አለ። «ስማኝ ልጀ፤ የዚህ አገር ሰው ፊደል አያውቅም። ከበሮ ይመታና ገበያ ላይ አዋጅ ይነገር። በየመግቢያው እሾህ እናጋድም። እሾህ የተጋደመበትን እንኳን ሰው በሬም አይገባበት።»

ካቦው ራሱን ነቀነቀ። «አዋጅ ከተነገረ የቀን ሠራተኛው ነገ ይበተንብኛል» አለ።

«እንግዲያ እኔ ደባርቅ ሄጄ ከገዥው ፈቃድ ልጠይቅ። እስክመለስ አንተ ለቄሱ ንገራቸው፤ እሳቸው ለሕዝቡ ይናገራሉ። አደራ!» አለኝ አያ ተገኘ።

«ግድ የለም አያ ተገኘ» አልሁት። «ፊደሉን ባያውቁ ሥዕሉን ያውቁታል።»

ይህችን ቃል ቁጠሩልኝ። እኔ እስካሁን እቆጥራታለሁ።

ያን ቀን ሰሌዳዎቹን በሜዳው ዳር ዳር ተክለን ስንጨርስ መሸ፤ ዝናብም ጣለ። ከሠራተኞቹ ድንኳን አደርሁ። ለቄሱ አልነገርሁም። ረስቼ አይደለም። ሥራዬን ዐሥር ጊዜ በቃል ማስረዳት ሥራዬን ማሳነስ መስሎኝ ነው።

ቅዳሜ ጧት፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ወደ መንደሩ ስወጣ ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ነጠላ ለብሰዋል። ጠጋ ስል ከአንደኛው ሰሌዳ ፊት ተንበርክከዋል። አንዱ ይሳለማል፣ አንዷ ግንባሯን ታስነካለች። ከሰሌዳው እግር ሥር ጧፍ በርቷል፤ እርጥብ ቄጠማ ተጎዝጉዟል።

የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ አልደብቅም። ደስ አለኝ። የአንድ የመንገድ ሰሌዳ ሥዕል ሰውን ሲያንበረክክ ያየ ሠዓሊ አለ? አጎቴ ይህን ባየ አልሁ በልቤ። ቄሱም እዚያው ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ይህን የሣልህ አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ! አጎትህን አስታወስኸኝ» አሉኝና በሰው ፊት መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ሰው ምነው እንዲህ ተሰበሰበ አባቴ?»

«ምን ታድርግ ጥሩወርቅ! መንግሥት የአርበኞቹን መቃብር አግኝቶ ምልክት አቆመ ብላ ጧት በየቤቱ እየዞረች ተናገረች። የአዳም ራስ ካለበት ቀራንዮ ነው፣ የሙታን ስፍራ ነው አለች። እውነቷን ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሕማማት ነው፣ ፍትሐት የለም። ስለዚህ ከባሏ መቃብር አንድ እፍኝ አፈር ይዛ መጥታ በቤተ ክርስቲያን ልናሳርፍላት ነው።»

«የት ናቸው አሁን?»

ቄሱ በመስቀላቸው ወደ ሜዳው አመለከቱኝ።

ከሰሌዳው ወዲያ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ገብተው፣ እትዬ ጥሩወርቅ በጓሳው መካከል ጎንበስ ቀና ይላሉ። እናና የምትባል ጎረቤታቸው ከኋላ ከኋላቸው መሶብ ይዛ ትከተላለች።

«ቁሙ! እንዳትንቀሳቀሱ!» ብዬ ጮህሁ። ሁለቱም ቀጥ አሉ። ተንበርክኮ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣ።

«ፈንጂ አለ! ከሥራችሁ ፈንጂ ተቀብሯል! ሰሌዳው አደገኛ ነው የሚለው!»

እናና መሶቡን ጣለች። «ወይኔ ልጆቼ!» ብላ ልትሮጥ ስትል፣ «እንዳትሮጪ! ዱካሽን እይ፤ በገባሽበት ዱካ ብቻ ውጪ!» አልኋት። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መሬቱን አርሶት ስለ ነበር የእግራቸው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናና እያለቀሰች፣ አንድ እግሯን አንሥታ የቀድሞው ጉድጓድ ላይ እያኖረች፣ ሁለት ጊዜ እየቆመች እየጸለየች ወጣች። ከሰሌዳው ስትደርስ ሴቶቹ ጎትተው ተቀበሏት። ያች ሃምሳ እርምጃ የፈጀችው ጊዜ ለእኔ አንድ ሱባኤ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«በዱካዎ ይውጡ እትዬ! ቀስ ብለው!»

«ምን አለህ ልጀ?»

«ፈንጂ አለ!»

ፀሐይ ፊታቸው ላይ ስለ ነበር በእጃቸው ከልለው አዩኝ። የፈሩ አይመስሉም፤ የተቀየሙ እንጂ።

«ፈንጂ ካለ ምነው የአዳምን ራስ ሣልህበት? የጌታን ደምስ ምነው አንጠባጠብህበት? በዚህ ይቀለዳል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ቄሱም አዩኝ፤ መስቀላቸው ገና በእጃቸው ነው።

መልሱ በአፌ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ማንም መቃብር አላገኘም። አያ ደርሶ የት እንደ ወደቀ የሚያውቅ የለም። እንዲያምርልኝ ብዬ ነው የሣልሁት» ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምንም አይፈልግም። ግን እጄን የባረኩት ቄስ ቆመዋል፤ ተንበርክከው የተሳለሙት ሰዎች ቆመዋል። እፍረት ያዘኝ። ሞት ያንዣበበው በሌላ ሰው ላይ፣ እፍረት የያዘው እኔን! እናም እንዲህ አልሁ፦

«እኔ እንደ ታዘዝሁ ነው የሠራሁት! መንግሥት ነው እንዲህ አድርገህ ሣል ያለኝ!»

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ።

«እንግዲያ እውነት ነው» አሉ። «መንግሥት አውቆ ነው ያዘዘው። የኔ ሰው እዚህ አለ። ፈንጂም ቢኖር እሱ ላይ አይኖርም። እችን ጉብታ እይልኝ፤ መቃብር አይደለች? አፈሩን ብቻ ልያዝና በዱካየ እወጣለሁ፤ አትቆጣኝ ልጀ።»

«እትዬ፣ አይደለም!» አልሁ። አሁን እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዱ። ተንበርክከው ነጠላቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ወደ ጉብታው ሰደዱ።

የሆነውን አልጽፈውም። ድምፁን የሰማው የላይኛው መንደር ሰው ድንጋይ እየሰበርን መስሎት ወደ ሥራው እንደ ተመለሰ በኋላ ነገሩኝ።

በዱካቸው ገብቼ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ሕይወቴ ያን ጊዜ ምንም ዋጋ አልነበራትም፤ ቢፈነዳብኝ ደስ ይለኝ ነበር። በነፍስ ነበሩ። ማኪና ሁሉ አስፋልት ጭኖ ወደ ታች ወርዷል፤ ሐኪም ያለው ጎንደር ነው፤ በቃሬዛ ያን ሁሉ መንገድ አይደርሱም አሉ። ከቤታቸው አስገባናቸው።

እሑድ ሆሣዕና ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ በሕማማት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው ፍትሐት ተደረገ። ቄሱ ሲጸልዩ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሕዝቡ ሁሉ ለማን እንደሆነ አውቋል። እትዬ ጥሩወርቅ ገና በሕይወት ናቸው፤ ፍትሐታቸው ግን ተደረገ። እኔ ዘንባባውን በእጄ ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜአለሁ፤ ከፊቴ ግድግዳ ላይ አጎቴ የሣለው የአዳም ራስ አለ። ቁጭ የእኔው ነው፤ ጠብታዋ ሳትቀር።

ማክሰኞ ጧት ዓይናቸውን ገለጡ። ቤቱ ውስጥ እኔና እናና ብቻ ነበርን።

«ልጀ፣ አፈሩን ያዝህልኝ?» አሉኝ።

እናና በዓይኗ ለመነችኝ፤ «ይዣለሁ በላቸው» ማለቷ ነው። ምናልባት ልክ ነበረች። እኔ ግን ሦስት ቀን የተሸከምሁትን ውሸት ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልሁም፤ እዚያው አልጋው ሥር ተደፍቼ ሁሉንም ተናዘዝሁ። መንግሥት እንዳላዘዘኝ፣ መቃብር እንዳልተገኘ፣ ጠብታዋን ለጌጥ እንደ ጨመርኋት፣ ለቄሱ ንገር ተብዬ በትዕቢት እንዳልነገርሁ፣ በሰው ፊት አፍሬ እንደ ዋሸሁ።

የሞቱ መስሎኝ ቀና ስል እያዩኝ ነው።

«ምነው ያነ አላልኸኝ?» አሉ። «እወጣልህ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ሕማማት ነውና ያለ ፍትሐት፣ ያለ ማዕጠንት፣ ዝም ብለን ቀበርናቸው፤ ባላቸው ያለ ፍትሐት እንደ ቀረ ሁሉ።

አያ ተገኘ ከደባርቅ ፈቃዱን ይዞ የተመለሰው በዚያው ቀን ማታ ነው። አልሰደበኝም፤ አደራዬን ምን አደረግህ ብሎም አልጠየቀኝም። ሰደበኝ ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። በማግሥቱ ሰው አሰለፈና በሜዳው ዙሪያ እሾህ አጋደመ። ከትንሣኤ በኋላም ገበያ ላይ ከበሮ ተመታ፦ «ያ ሜዳ ሰው በላ ነው! የገባ አይወጣም! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ፈንጂ የሚለቅሙ ወታደሮች መጥተው እስኪያጸዱት ድረስ፣ እዚያ ሜዳ ላይ የአንድ ፍየል እግር እንኳ አልገባም። አንድ ሸክም እሾህና አንድ ከበሮ ይበቃ ነበር። ከቀን ሠራተኛውም የሸሸ የለም።

እኔ አሥራ ሁለቱን ሰሌዳዎች ነቅዬ በቢላ ፋቅኋቸው። ቀለሙ ሸጋ ቀለም ስለ ነበር አልለቅ ብሎ አስቸገረኝ። ወደ ጎንደር ተመልሼም ብሩሽ አልጨበጥሁም። አጎቴ ምነው ሲለኝ ዓይኔ ደከመ አልሁት፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ! ያችም ውሸት ናት።

አንባቢዎቼ፣ ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል መናደዴ ሊያስቃችሁ ይችላል። አደገኛ የምትለዋ ቃል ምን ታድርግ፤ ጥፋት የለባትም። ያን ሜዳ አደገኛ ያደረገው ጣሊያን ነው። እትዬ ጥሩወርቅን የገደለው ግን ፈንጂው ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ እያየኝ «ተሳስቻለሁ» ማለት ያቃተኝ እኔ ነኝ። ስሕተት ሁሉ ፈንጂ አይደለም፤ የሚፈነዳው ሲሸፈን ነው። እናንተም በሥራችሁ፣ በቤታችሁ፣ አንድ ሰው ቆሞ «ምነው እንዲህ አደረግህ?» ሲላችሁ፣ ዙሪያችሁን አትዩ። የቆመውን ሰው እዩ። መልሱን ያኔውኑ ስጡት። ከሦስት ቀን በኋላ የሚነገር እውነት ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚው አይጠቅምም።

ይህን መካር መስዬ የምናገር እኔ ግን ምን እንዳደረግሁ ታያላችሁ። የልጅ ልጄ ከዚያ እሑድ ወዲህ ያን ጫማ አድርጎ ወደ ቤቴ አልመጣም። እናቱ ልጁ ምን እንዳጠፋ ስትጠይቀኝ፣ «ስድ ንግግር ተናገረ» አልኋት። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የእኔ እንደ ሆነ ልነግረው ይገባል፤ ቤታቸው ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። እስካሁን አልሄድሁም።